«እናቲቱ የት ናት?»

ጓደኞቼ ሆይ፤ ቡችላ ለመግዛት ያሰባችሁ ብትኖሩ ጥቂት ቃል ልናገር። የሻጩ ታማኝነት የሚታወቀው በሱቁ ንጽሕና ወይም በቡችላው መታጠብ አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ መለኪያው «እናቲቱ የት ናት?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በእንግሊዝ አገር ይህ ነገር ሕግ ሆኗል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፥ ነጋዴ ሌላው ያራባውን፥ ስድስት ወር ያልሞላውን ቡችላ ገዝቶ መሸጥ ተከልክሏል። ገዢው ከአርቢው ዘንድ ሄዶ ቡችላውን ከነእናቱ ያያል፤ አለዚያም ባለቤት ያጡ ውሾች ከሚጠለሉበት ቤት ይወስዳል። ሕጉ «የሉሲ ሕግ» ይባላል (የእኛይቱ ድንቅነሽ አይደለችም!)፤ ሉሲ በ2013 እ.ኤ.አ. ከአንድ ክፉ ማራቢያ የዳነች ውሻ ነበረች። ደላላ በመካከል ሲገባ፥ በጠባብ ጎጆ ያለ ዕረፍት የምትወልደው እናት ከገዢው ዓይን ትሰወራለችና።

በአዲስ አበባስ? ቡችላ በካርቶን ተይዞ መንገድ ዳር ይሸጣል፤ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከጡት የተነጠለ መሆኑን ማን ይጠይቃል? «ድኻ ተማሪ ይህን ሁሉ ምርመራ ከየት አምጥቶ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ግን ሳንቲም አያስወጣም። «ተከትቧል» ቢላችሁም፥ «ለየትኛው በሽታ?» በሉት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በሦስት ወሩ ገደማ ነው። በሽታው በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ፥ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።