ያረጀውን ጀበና ስለ መለወጥ

ከቤት ዕቃ ኹሉ እንደ ጀበና ዘወትር የሚያገለግል፣ ሲሰበርም እንደ እርሱ ቤተ ሰቡን የሚያሳዝን ጥቂት ነው። አንገቱ የተሰነጠቀ ጀበና ጥቂት ቀን ተጠግኖ ይሰነብታል እንጂ መለወጡ አይቀርም። የሚለወጠውም በሸክላ ይኹን ወይስ በብረት የሚለው ጥያቄ ዛሬ በየቤቱ ስለሚነሣ፣ ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ነገሩን የበዴሳን አገር ምሳሌ አድርገን ልንመረምረው ወደድን። በዴሳ ስንል በጨርጨር ያለችውን አይደለም፤ በወላይታ፣ ከሶዶ በስተ ምሥራቅ፣ በዳሞት ወይዴ በኩል ያለችውን ማለታችን ነው።

በወላይታ ቡና ማለት ፍሬው ብቻ አይደለም። ከቅጠሉም ይፈላል። የቡናው ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋራ ተወቅጦ በሸክላ ማሰሮ በብዙ ውሃ ይፈላል፤ ጨውም ይገባበታል፤ ጎረቤትም ተጠርቶ ይጠጣል። እንግዲህ ስለ ቡና ማፍያ የሚናገር ሰው ይህንንም ማሰብ ይገባዋል።

ከብረቶቹ ማፍያዎች እጅግ የታወቀው፣ በኢጣልያ አገር አልፎንሶ ቢያሌቲ የተባለው ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ያወጣው፣ ሞካ የሚባለው የአሉሚኒየም ዕቃ ነው። በታችኛው ክፍል ያለው ውሃ ሲሞቅ፣ እንፋሎቱ ውሃውን ገፍቶ በተፈጨው ቡና መካከል ያሳልፈውና ወደ ላይኛው ክፍል ያወጣዋል። ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤት ለሚቸኩል፣ ወይም ብቻውን ለሚኖር ሰው መልካም ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ውሃው አንድ ጊዜ ካለፈ ሥራው አለቀ፤ ቶና ወይም በረካ የሚባል ነገር አያውቅም። የቅጠሉንማ ቡና ከቶ አይችለውም።

ጀበና ግን በዚያው አተላ ላይ ውሃ እየተጨመረበት ሦስት ጊዜ ያፈላል። ሸክላው ሙቀቱን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ፣ ከእሳት ወርዶ በማቶቱ ላይ ሲቀመጥ ቡናው ሳይቀዘቅዝ አተላው ይዘቅጣል። ሦስተኛው ቡና ቀጭን መኾኑ እውነት ነው፤ ኾኖም ጎረቤት የልቡን ጉዳይ የሚያወጣው፣ የተቀያየመም የሚታረቀው ብዙውን ጊዜ በበረካ ሰዓት ነው። ለዚህ ጊዜ የሌለው ቤት ሞካውን ይግዛ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ጀበናም በገበያ ይገኛል። መስኮቱ በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ ሽታ በሌለው መርዝ ነፍስ እንደሚያጠፋ የታወቀ ነውና፣ በዚህ በኩል ጥቅሙን እናመሰግናለን። መብራት የጠፋ ለታ ግን እንግዳውን በባዶ ሲኒ ያስቀምጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በወላይታ ሸክላ የሚሠሩት ቺናሻ የሚባሉት ናቸው። ሴቶቹ ጭቃውን ለውሰው፣ ያለ መንኰራኵር በእጃቸው አቁመው፣ በእሳት ተኩሰው ወደ ገበያ ይሸከሙታል። እነዚህ ሰዎች ለብዙ ዘመን በማዕድና በጋብቻ ተለይተው ኖረዋል። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ነቀፋው ግን ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ቈየ። ጀበናዋን ከቤቱ መካከል አስቀምጦ በእርስዋ ዕቃ ቡና የሚጠጣ ሰው፣ ሠሪይቱን ከረከቦቱ አጠገብ ለማስቀመጥ መጸየፉ እንዴት ያለ ነገር ነው! ለባሕር ማዶ ዕቃ የተጠየቀውን ያለ ክርክር የሚከፍል፣ ከሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ሲደርስ ስለ ጥቂት ብር ይሟገታል። ስለዚህ በዴሳም ኾነ በሌላ አገር ያሉ ባለቤቶች ሸክላውን እንዲመርጡ፣ ዋጋውንም እንደ ሥራው እንዲከፍሉ እንመክራለን።

ሲገዙም ጀበናውን በጣት መትተው ድምፁን ይስሙ፤ የጠራ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ የታፈነ ከኾነ ስንጥቅ አለበት። ውሃም ሞልተው እንዳያፈስ ይመልከቱ። ከቤት ሲደርስ ማሟሸት ያስፈልጋል፤ ይኸውም በውሃ ካለቀለቁት በኋላ ውሃና የቡና አተላ ጨምሮ በለዘብታ እሳት እያፈሉ መድፋት ነው። በኀይለኛ እሳት ከጀመሩት፣ ወይም በጋለው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሱበት ይሰነጠቃል። በሳሙናም አይታጠብ፤ ሸክላው ሽታውን ይጠጣልና። የጭቃው ሽታ እስኪጠፋ ኹለት ሦስት ጊዜ ይህን ካደረጉ በኋላ የሚፈላው አቦል ለእንግዳ ሊቀርብ ይችላል።