ወዛም ፊትና «የማይለቅ» ሜካፕ

 

ወደ ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት በአንድ ሰርግ ላይ ያየሁትን ላጫውታችሁ። የዘመዳችን ልጅ ኒካሕ ነበር። ሙሽሪት ከፈጅር ሶላት በኋላ ወደ ውበት ሳሎን ሄዳ ለሰዓታት ስትኳኳል ቆየች። ስትወጣ የተሰጣት ማስጠንቀቂያ አንድ ብቻ ነው፤ «እስከ ማታ ውሃ እንዳይነካሽ።» ዙህር ገባ፤ ሙሽሪት እንደተቀመጠች ናት። ዐስርም ገባ፤ አልተነሳችም። አክስቷ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ ሶላትሽስ?» ስትላት እንባዋ መጣ። «ከነካሁት ይበላሻል፤ ስንት ብር ወጥቶበታል» አለች በለሆሳስ። የሚያሳዝነው ደግሞ ውሃ ሳይነካውም መበላሸቱ አልቀረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግንባሯና አፍንጫዋ አብረቀረቀ፣ አገጯ አካባቢ ያለው ቀለም ተቆራረጠ። ሙሽሪት ፊቷ ወዛም ነበርና።

እንግዲህ «ወዛም ፊት ላይ ሜካፕ ቀኑን ሙሉ እንዲቆይ ምን ይደረግ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ከጤናም፣ ከኪስም፣ ከኢባዳም ጋር የተያያዘ ነው። የኔን አስተያየት አስቀድሜ ልናገር፦ ሜካፕን በወዛም ፊት ላይ ለረጅም ሰዓት ማቆየት በተወሰነ ደረጃ ይቻላል፤ መንገዱንም ከታች እናያለን። ነገር ግን «ከጠዋት እስከ ማታ የማይለቅ» የሚለው ግብ ራሱ የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ለምትቆም ሴት የሚበጃት በቀላሉ የሚለቅና በአምስት ደቂቃ የሚታደስ ስስ ሜካፕ ነው።

(ሴት ልጅ የት፣ በማን ፊትና ምን ያህል ትኳኳል የሚለውን ፍርድ ለዑለማዎቻችን እተዋለሁ። ይህ አምድ የጤና አምድ ነው።)

ወዝ ከየት ይመጣል?

ከቆዳችን ሥር ወዝ የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። በብዛት የሚገኙትም በራስ ቅልና በፊት ላይ፣ በተለይ በግንባር፣ በአፍንጫና በአገጭ ነው። ወዙ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ቆዳ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጣጠቅ ይከላከላል። ልጆች ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ በሰውነት ውስጥ የሚጨምሩት ሆርሞኖች ዕጢዎቹን ስለሚያነቃቁ ወዙ ይበዛል፤ ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ ሴቶች የወር አበባ ካቆሙ በኋላ፣ እየቀነሰ ይሄዳል። ዘርም የራሱ ድርሻ አለው። ስለዚህ ፊቷ የሚወዛ ልጅ ቆሻሻ አይደለችም፣ በሽተኛም አይደለችም። «ፊትሽን አትታጠቢም እንዴ?» እያልን የምናሳቅቃቸው ልጆች ምናልባት ከሁላችን በላይ ፊታቸውን የሚታጠቡ ናቸው።

ሜካፕ የሚለቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ፋውንዴሽን ማለት በቅባትና በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ነው። ከሥር የሚወጣው ወዝ ከዚህ ጋር ሲቀላቀል ያላላውና ያንሸራትተዋል። ላብ ይጨመርበታል። እጃችን ፊታችንን ይነካል፤ የሒጃብ ጠርዝም ግንባርና አገጭን ያሻል። እንደ ድሬዳዋ፣ እንደ ጅዳ ወይም እንደ ዱባይ ባለ ሙቀት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ከላይ የቱንም ያህል ብንደርብ ከሥር የሚመጣውን አናቆመውም። እንዲያውም ወፍራም ሜካፕ ከስሱ ቀድሞ ይሰነጠቃል።

ልንተዋቸው የሚገቡ ነገሮች

ብዙ እህቶች ወዙን «ለማድረቅ» ሲሉ ፊታቸውን በልብስ ሳሙና ይታጠባሉ፣ ሎሚ ይቀባሉ፣ በአልኮል ይጠርጋሉ። ጤነኛ ቆዳ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ የተለመደው ጠንካራ ሳሙና ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ደጋግመው ሲታጠቡበት የቆዳው መከላከያ ይጎዳና ፊት ይቆጣል፣ ይላላጣል፣ ያቃጥላል። ዕጢዎቹ ግን ከሥር ሥራቸውን አያቆሙም። የተላላጠ ፊት ላይ የተቀባ ሜካፕ ደግሞ ፈጽሞ አይቀመጥም። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን እስከ ማቃጠልና ጥቁር ምልክት እስከ መተው ሊደርስ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ይህ አይደለም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር ሰንሰለት አለ። ወዙን ለመሸፈን ወፍራም ሜካፕ ይደረባል። ሜካፑ የቆዳውን ቀዳዳዎች ይደፍንና ብጉር ያመጣል። ይህ ከመኳኳያ የሚመጣ ብጉር በሕክምና የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ክሊግማንና ሚልስ የተባሉ ሐኪሞች ስም ሰጥተው ገልጸውታል። ብጉሩ ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል። ምልክቱን ለማጥፋት ማንጫ ቅባት ይገዛል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው! ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፣ ለፅንስም ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ይህን መርዝ ከመኳኳያዎች የማስወገድ ግዴታ አስቀምጧል፤ በ2023 ደግሞ አገሮች ክልከላውን የበለጠ አጥብቀውታል። እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያሉ ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒቶች የተቀላቀሉባቸውም አሉ። መጀመሪያ ፊት ያበራል፣ ያምራል። ወራት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ብጉሩ ይብሳል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። እንዲህ ያለውን ቅባት ለወራት የተጠቀመች እህት ካለች በራሷ ከመታገል የቆዳ ሐኪም ታማክር።

ምን እናድርግ?

ለወዛም ፊት የሚበጀው ጥቂት ነገር በትክክል ማድረግ ነው።

አንደኛ፣ ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ የፊት መታጠቢያ፣ በጣት ጫፍ ብቻ መታጠብ። መፈተግ አያስፈልግም። በጅግጅጋ፣ በድሬዳዋና በሐረር ያሉ እናቶቻችን የሚያውቁት ቀሲል፣ ማለትም የደረቀ የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት፣ ከውሃ ጋር ሲበጠበጥ አረፋ የሚሰጥ ጥሩ ማጠቢያ ነው። ሆኖም ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ፣ መጀመሪያም ክንድ ላይ መሞከር ይገባል።

ሁለተኛ፣ ወዛም ፊትም ማለስለሻ ይፈልጋል። ቅባት የሌለበትና ቀዳዳ የማይደፍን፣ በዕቃው ላይ «ኦይል ፍሪ» ወይም «ኖን ኮሜዶጄኒክ» የሚል የተጻፈበትን መምረጥ ነው። በስሱ ተቀብቶ አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ሜካፕ ቶሎ የሚንሸራተተው ብዙውን ጊዜ ከሥር ያለው ሳይደርቅ ስለሚደረብበት ነው።

ሦስተኛ፣ ፕራይመር ካለ የሚያበራው ቦታ ላይ ብቻ፣ ማለትም ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ በጣም በስሱ መንካት። ፋውንዴሽንም ፊትን ሁሉ ማልበስ የለበትም፤ መሸፈን ያለበትን ቦታ ብቻ ረጠብ ባለ ስፖንጅ ጫን ጫን እያደረጉ ማስያዝ ይበቃል። በመጨረሻ ፓውደሩን እንደ ዱቄት ከመነስነስ ይልቅ በወዛሙ ቦታ ላይ ተጭኖ ማስያዝ የተሻለ ይቆያል።

አራተኛ፣ ቀን ላይ ፊት ሲያበራ በላዩ ፓውደር አይደረብ። ወዝና ፓውደር ሲቀላቀሉ ሊጥ ይሆናሉ። መጀመሪያ በንጹሕ ሶፍት ሳይጠርጉ ተጭኖ ወዙን ማስመጠጥ፣ ከዚያ ካስፈለገ ብቻ ትንሽ ፓውደር። በቦርሳ ውስጥ የምትያዝ አንዲት ሶፍት ከውድ ፋውንዴሽን በላይ ትጠቅማለች።

አምስተኛ፣ ሒጃብ የሚታሰረው ሜካፑ ከደረቀ በኋላ ነው። ከሥር የሚደረገውን የጥጥ ሻሽ ቶሎ ቶሎ ማጠብ ያስፈልጋል። ወዝና ቀለም የጠጣ ሻሽ ቀኑን ሙሉ ግንባርን ሲያሽ ብጉር ያባብሳል። ፀጉራቸውን ቅቤ ወይም ቫዝሊን የሚቀቡ እህቶችም ቅባቱ ወደ ግንባር እንዳይወርድ ይጠንቀቁ፤ ግንባር ላይ ብቻ የሚፈላ ብጉር ብዙ ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው።

ስድስተኛ፣ ከመኝታ በፊት ሜካፕን ሙሉ በሙሉ ማስለቀቅ። ከጓደኛ ጋር ማስካራና ኩል መዋዋስ የዓይን በሽታ ያስተላልፋል። ምንጩ ያልታወቀ ኩል ደግሞ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል፣ በተለይ ሕፃናትን ባንኩል መልካም ነው።

ውዱእና ሜካፕ

ፊትን መታጠብ ከውዱእ ግዴታዎች አንዱ መሆኑንና ውሃ ቆዳ ላይ እንዳይደርስ የሚከለክል ነገር መነሳት እንዳለበት ከዑለማዎቻችን ተምረናል። እንደ ሒና ቀለሙ ብቻ የቀረ ነገር አይከለክልም፤ ውሃ የማያስገባ ፋውንዴሽንና ማስካራ ግን እንደ ሽፋን ነው። እንዲህ ያለው ሜካፕ በውሃ ብቻ ስለማይለቅ አንዳንዶች በየሶላቱ ፊታቸውን እየፈተጉ ያቆስሉታል። ሌሎች ደግሞ እንደዚያች ሙሽራ ሶላታቸውን ያሳልፋሉ። ሁለቱም ጉዳት ነው።

መፍትሔው ሰዓትን ማስተካከል ነው። ሜካፕ መቀባት በራሱ ውዱእን አያፈርስም። ስለዚህ ለሰርግም ሆነ ለዒድ ግብዣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ በውዱእ ላይ ሆኖ መኳኳል ይቻላል። ውዱኡ ከተጠበቀ ዐስርን በዚያው መስገድ ይቻላል፤ ለመግሪብ ደግሞ ታጥቦ በስሱ ማደስ ነው። ሜካፑ መቆየት ያለበት ከዙህር እስከ መግሪብ ከሆነ፣ ያ ለወዛም ፊትም የሚቻል ነገር ነው። የቀለለ፣ በውሃና በለስላሳ ማጠቢያ የሚለቅ ዓይነት መምረጥ፣ ከውዱእ በኋላም ፊትን በንጹሕ ፎጣ ሳይፈትጉ ማድረቅ በቂ ነው። ውዱእ ለወዛም ፊት ጠላቱ ሳይሆን ረዳቱ ነው፤ ላቡንና አቧራውን ያነሳል፣ ፊቱንም ያሳርፋል።

ማዕዳችንስ?

የቅባት ምግብ የበላ ሰው ፊቱ ይወዛል የሚባለው እንደሚነገረው አይደለም። የበላነው ዘይት በቀጥታ ወደ ፊት አይወጣም። ከብጉር ጋር ይበልጥ የተያያዘው ስኳርና ቶሎ ወደ ስኳር የሚለወጥ ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአውስትራሊያ ብጉር ባላቸው ወጣት ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ እንዲህ ያለውን ምግብ ለ12 ሳምንታት የቀነሱት ብጉራቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀንሷል። እንግዲህ በቀን ስንት ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆውስ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደምንጠጣ እንቁጠር። በለስላሳ መጠጥ፣ በብስኩትና በሐልዋ ፈንታ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመንና ፍራፍሬ ማብዛት ለፊት ባይጠቅም እንኳ ለሌላው አካል ይጠቅማል።

ብጉሩ ከበረታ ደግሞ ሕክምና አለው። ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ማጠቢያ የተደፈኑ ቀዳዳዎችን ይከፍታል። ቤንዞይል ፐሮክሳይድም ይረዳል፤ ነገር ግን ጨርቅ ስለሚያነጣ ሒጃባችሁንና ትራሳችሁን ጠብቁ። ከቫይታሚን ኤ የተሠሩት የብጉር መድኃኒቶች በእርግዝና ጊዜ አይወሰዱም። ወዙና ብጉሩ ከተዛባ የወር አበባ ወይም አገጭ ላይ ከሚበቅል ጠንካራ ፀጉር ጋር ከመጣ ጉዳዩ ከሜካፕ በላይ ነውና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ለቤተሰብ ሁሉ

እናቶች ሆይ፣ ሴት ልጃችሁ ለአካለ መጠን ስትደርስ ፊቷ መወዛቱ የተፈጥሮ ሥርዓት መሆኑን ከጎረቤትና ከሱቅ በፊት ከእናንተ ትስማ። አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ በፊቷ ላይ አትቀልዱ፤ በቀልድ የተጀመረ ነገር በማንጫ ቅባት ሲያልቅ አይተናል። ሰርግ የምትደግሱ ደግሞ የሙሽሪትን የሳሎን ቀጠሮ ስትይዙ መጀመሪያ የሶላት ሰዓቱን ተመልከቱ።

ያቺ ሙሽራ በማግስቱ ፊቷን ታጥባ፣ ምንም ሳትቀባ ቁርስ ስታቀርብልን አየኋት። ግንባሯ ትንሽ ወዝቷል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ካለፈው ቀን ይልቅ ያን ጠዋት ታምር ነበር።

አላህ ጤናችንንም ውበታችንንም ይጠብቅልን። ወሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።