«በነፃ ያስተማርነው ሐኪም» የሚባለው ተረት

ሐኪሞች የደመወዝ ጥያቄ ባነሱ ቁጥር የምትመዘዝ አንዲት መልስ አለች። «ይህ ድሃ ሕዝብ ከጉሮሮው ነጥቆ በነፃ ያስተማራቸው ናቸው፤ ውለታ ቢሶች!» በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜም ይህችው ቃል በየማኅበራዊ ሚዲያውና በየሻይ ቤቱ ስትደጋገም ከረመች። የታሰሩት ታሰሩ፣ የቀሩት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ተረቱ ግን እንዳለ ቀረ።

ይህ «ነፃ» የሚባል ትምህርት ምን እንደሚመስል ለማወቅ የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ሐኪም ዘንድ መሄድ አያስፈልግም። የአንድ የአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪን አንድ ቀን መከተል ይበቃል።

መጀመሪያ እዚያ ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ ይታወቅ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ፍሬሽማኑን ጨርሶ፣ በውጤቱ ተወዳድሮ ሕክምና የደረሰው የጥቂቶች ጥቂት ነው። አገር መርጣ፣ አበጥራ፣ አንጓላ ያስቀረችው ልጅ ማለት ነው። አያያዟ ግን እንዲህ ነው።

ልጁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል። ለጥናት አይደለም፤ ለውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ጀሪካኑንና ባዶ ሃይላንዱን ይዞ ያልተሰለፈ ተማሪ ፊቱን ሳይታጠብ ይውላል። ከዚያ ሻይና ዳቦ። ሁለት ሰዓት ላይ አናቶሚ፣ ቀጥሎ ፊዚዮሎጂ፣ ቀጥሎ ባዮኬሚስትሪ። መምህሩ ስላይዱን ያነባል፤ ተማሪው ያንኑ ስላይድ በቴሌግራም ተቀብሎ ማታ ደግሞ ያነበዋል። ጋይተንን የመሰለ መጽሐፍ የሚነበበው ከቤተ መጻሕፍት አይደለም፤ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ አናቶሚ ላብ ይገባል። የፎርማሊኑ ሽታ ዓይን ያስለቅሳል፣ ራት ሰዓት ላይ ሳይቀር ከእጅ አይለቅም። ይህስ የሙያው ነው፤ ማንም አያማርርበትም። የሚያማርረው ሌላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው አስከሬን ስንት ባች እንደተማረበት የማይታወቅ፣ ጅማቱ ከነርቩ ያልተለየ ነው። ዙሪያውን የከበበው ተማሪ ብዙ ነው። ከፊት የቆሙት ያያሉ፤ ከኋላ የቆመው የሚያየው የጓደኛውን ጋዋን ጀርባ ነው። እሱ ያንን ነርቭ የሚያየው ማታ በዩቲዩብ ነው፤ የኢንተርኔት ፓኬጁን የገዛውም አባቱ በላከለት ብር ነው።

አስከሬኑስ የማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂ ዘመድ ያልተገኘለት ሰው ነው። በሕይወት ሳለ ምናልባት ሐኪም ሳያይ የሞተ ሰው፣ ከሞተ በኋላ ሐኪም ያስተምራል። በዚህች አገር ለሕክምና ትምህርት በእውነት በነፃ የሰጠ ሰው ቢፈለግ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ተማሪው ገና ሲገባ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በውሉ መሠረት የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም የተወሰነውን፣ ነገ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይመልሳል። ያ ሻይና ዳቦ ዱቤ ነው ማለት ነው። መንግሥት ለአንድ ተማሪ ምግብ በቀን ይመድብ የነበረው 22 ብር እንደነበረና በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱ ይታወሳል። ጭማሪው ደግ ነው። ነገር ግን ከግቢው በር ውጪ አንድ ሳህን ሽሮ ስንት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሰው፣ በዚህ ብር ሦስት ጊዜ ስለመብላት ብዙ ባይፎክር ይሻለዋል።

ውሉ ላይ ያልተጻፈው ደግሞ አለ። ጋዋኑን የገዛው ማነው? ስልኩን፣ የሕትመቱን፣ የትራንስፖርቱን፣ ካፌው ያልጠገበውን ሆድ መሙያውን? ጊደሯን የሸጠው ገበሬ ነው። ዓረብ አገር ያለችው እህት ናት። ያ ገበሬ አንድ ጊዜ በግብሩ ከፍሏል፣ ሁለተኛ በጊደሯ ይከፍላል። ሦስተኛ ደግሞ ሲታመም ይከፍላል፤ የሚያክመው ከኋላ ቆሞ የጓደኛውን ጀርባ እያየ የተማረ ሐኪም ሲሆን። «ድሃው ሕዝብ ያስተማረው» የሚሉ ሰዎች እውነት ብለዋል። የሳቱት፣ ድሃው ሕዝብ የተማሪው አባት መሆኑን ነው።

ማታ እናቱ ትደውላለች። «ዶክተርዬ፣ በላህ ወይ?» ትለዋለች። «በልቻለሁ፣ እማ።» አልበላም። ስልኩን ተቀብለው ጎረቤቷ እትዬ ስለ ደም ግፊታቸው ይጠይቁታል፤ እሱ ገና የልብን ክፍሎች ስም እየሸመደደ ነው። «ዶክተር» የተባለው ዕጩ ሳይሆን ነው፤ ስለዚህ መውደቅ አይፈቀድለትም። አንድ ዋና ኮርስ መውደቅ ዓመት መድገም ነው፣ ዓመት መድገም ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ማሳፈር ነው። ሲጨንቀው የሚነገረው ምክር አንድ ቃል ነው፦ «ጠንክር!»

እዚህ ላይ አንጋፋዎቹ ይቆጣሉ። «እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው፤ ሕክምና መከራ ነው» ይላሉ። ሕክምና ከባድ መሆኑን የሚክድ የለም። ሦስት መቶ ገጽ በሳምንት ማንበብ የሕክምና ክብደት ነው፤ ውሃ ተሰልፎ ክፍል ማርፈድ ግን የሕክምና ክብደት አይደለም። ነርቭን ከደም ሥር መለየት ችሎታን ይፈትናል፤ ጠረጴዛው ዘንድ ለመድረስ መጋፋት የሚፈትነው ትከሻን ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ «መከራ ያጠነክራል» ማለት የበጀት ጉድለትን የሥነ ምግባር ትምህርት አድርጎ መሸጥ ነው። ደግሞም በዚህ ወንፊት የሚጣራው ጎበዙ አይደለም፤ ከቤት ብር የሚላክለት ነው።

ሌሎች ደግሞ «አገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋታል፣ ፍጹም እስኪሆን አይጠበቅም» ይላሉ። ይህ ጠንካራ ክርክር ነው፤ መልስ ይገባዋል። ለአሥር ሺህ ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ባላት አገር፣ በ2004 ዓ.ም. 13 የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ መከፈታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቅበላን ማብዛቱ ስህተት ነበር የሚል ካለ፣ ወረዳ ሆስፒታል ሄዶ ወረፋውን ይይ። ስህተቱ ሌላ ነው። ወንበሩ ሲበዛ ጠረጴዛው፣ መምህሩና ውሃው አብረው አልበዙም። መጨረሻው ላይም መደቡ አልበዛም። ይኸውና ሐኪም በሌላት አገር የተመረቁ ሐኪሞች ሥራ ፍለጋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመዋል! ቁጥሩን ለሪፖርት፣ ልጁን ለጎዳና ማለት ይህ ነው።

የአንደኛ ዓመቱ ልጅ ይህን ሁሉ ያያል። ዶርሙ ውስጥ ተኝቶ የኢንተርኖቹን ጽሑፍ ያነባል፤ የሚከተላቸው ሰዎች ሲሰደቡ፣ ሲታሰሩ፣ ቪዛ ሲሰለፉ ያያል። ከዚያ በሁለተኛው ሴሚስተር ከአናቶሚው ጎን የውጭ አገር ፈተና መለማመጃ ማውረድ ይጀምራል። «ለምን ይሄዳሉ?» የሚል ጥያቄ ሐኪሙ ከተመረቀ በኋላ ይጠየቃል፤ ልጁ ግን በልቡ የሄደው ገና ያኔ ነው።

የሚያስፈልገው ተአምር አይደለም። እያንዳንዱ የሕክምና ትምህርት ቤት በአንድ አስከሬን ስንት ተማሪ እንደሚማር፣ በስንት መምህር እንደሚማር በየዓመቱ በይፋ ያሳውቅ። ቅበላው በዚያ ይወሰን እንጂ በዕቅድ ሰንጠረዥ አይወሰን። የሃይማኖት አባቶችና ሐኪሞች ተቀምጠው ገላን ለትምህርት ስለመለገስ በግልጽ ይነጋገሩ። ሌሊት የሚመጣው ውሃ በታንከር ተይዞ ቀን ይዳረስ። ከቤቱ ብር የማይላክለት ተማሪ ተለይቶ የኪስ ገንዘብ ይሰጠው።

ይህን ማድረግ ያልፈለገ ሰው ግን ቢያንስ አንድ ነገር ይተው፦ «በነፃ አስተማርንህ» ማለቱን። ምክንያቱም ይህ ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ ሌሊት በአንድ ሆስፒታል ተረኛ ሆኖ ይቆማል። በቃሬዛ የሚገባው የማን አባት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ያን ሌሊት ነርቩ የት ጋ እንዳለ ሊያውቅ ይገባል፤ የጓደኛውን ጋዋን ጀርባማ በደንብ ያውቀዋል።