ቀጭን ሽቦ የራሱ ጠባቂ ያሻዋል፤ ከፒያሳ ለገጠር ቀበሌዎች የሚሆን ትምህርት

በአዲስ አበባ በአራዳና በፒያሳ አሮጌ ግቢዎች ውስጥ ብዙ አባወራ በአንድ ቆጣሪ መጠቀሙ የቆየ ልማድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት በፈረሰው ዶሮ ማነቂያን በመሰለ ሠፈር፣ ከወፍራሙ መስመር ላይ ቀጭን ሽቦ ቀጥሎ ለጓዳም ለሱቅም መብራት መሳብ እንግዳ ነገር አልነበረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ሁለንተናዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም መብራት ባደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎችም ከጎረቤት ቆጣሪ መቀጠል እየተለመደ ነው። ስለዚህ ከተማው የኖረበትን አደጋ ገጠሩ ከወዲሁ ሊያውቀው ይገባል።

የአደጋው ምንጭ ብዙዎች እንደሚገምቱት አምፖሉ ወይም ሬዲዮው አይደለም። የሽቦው ሽፋን ተልጦ ሁለቱ ገመዶች ሲነካኩ፣ ማለትም ኮንታክት ሲፈጠር፣ ኃይሉን የሚገታው የሽቦው ተቃውሞ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ሽቦው ይግላል፤ ላስቲኩ ይቀልጣል፤ አጠገቡ ያለው እንጨት ወይም ሣር ይያያዛል። በጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል በከፊል ሲቃጠል እንደታየው፣ አሮጌ የእንጨት ሕንፃ አንዴ ከተያያዘ ማዳኑ አስቸጋሪ ነው።

«ቆጣሪው ላይ ብሬከር አለ» ብሎ መተማመን አይበቃም። ለምሳሌ ከ40 አምፔር ብሬከር ሥር ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ 100 ሜትር ተስቦ ጫፉ ላይ ኮንታክት ቢፈጠር፣ በ220 ቮልት የሚያልፈው ኃይል ከ90 አምፔር በታች ነው። ቀጭኑ ሽቦ ይህን የሚችለው ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነው። ብሬከሩ ግን ለመቁረጥ አንድ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊወስድበት ይችላል፤ የሚጠብቀው ወፍራሙን መስመር እንጂ ቀጭኑን አይደለምና። በመቀጠያው ላይ ባለ 6 አምፔር የቤት ብሬከር ቢኖር ኖሮ ወዲያውኑ በቆረጠ ነበር። ይህም ከ1,300 ዋት በላይ ስለሚያሳልፍ ለአምፖሎችና ለሬዲዮ ከበቂ በላይ ነው።

መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከትልቁ ቦይ ወደ ትንሹ የሚገባው ውሃ መግቢያው ላይ በር ከሌለው፣ ትንሹ ቦይ ይደረመሳል። የኤሌክትሪክም ሕግ ይኸው ነው፤ ሽቦው በሚቀጥንበት ቦታ ሁሉ ለቀጭኑ የሚመጥን ፊውዝ ወይም ብሬከር ይገባል።

በአጭር የቤት ውስጥ መስመር ለ1.5 ካሬ ሽቦ ከ10 አምፔር፣ ለ2.5 ካሬ ሽቦ ከ16 አምፔር ያልበለጠ ጠባቂ ይበቃል። መስመሩ ሲረዝም ሽቦውን ማወፈር ወይም ጠባቂውን ማሳነስ ግድ ይላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የራሱ ወፍራም መስመር ይፈልጋል። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በወፍራም ሽቦ ወይም በምስማር መተካት ደግሞ ጠባቂውን አባሮ በሩን ክፍት እንደመተው ይቆጠራል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ሦስት ጥያቄዎች ቢያነሡ ይጠቅማል፦ በቀበሌው ከጎረቤት የተሳቡ ሽቦዎች ስንት ናቸው? ምን ያህልስ ይረዝማሉ? በመቀጠያቸው ላይ ጠባቂ አላቸውን? መልሱ አጥጋቢ ካልሆነ የሠለጠነ ባለሙያ ጠርቶ ማስመርመርና በየቤቱ ቆጣሪ እንዲገባ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት ይገባል። የአንድ ብሬከር ዋጋ ከአንድ ጎተራ እህል ጋር አይወዳደርም።