ግዙፍ ስለሆነ አይወድቅም?

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ ድሮ የሚወራው የቤት ዋጋ ነበር። አሁን ኢ.ቲ.ኤፍ ሆኗል። ታክሲ የሚነዳውም፣ ሆስፒታል ሌሊት የሚሠራውም መካሪ ነው። ምክሩ አጭር ነው፦ «ዕዳቸው ትንሽ፣ ትርፋቸው ብዙ የሆኑትን ግዙፍ ኩባንያዎች የያዘውን ግዛ፤ እነሱ አይወድቁም!»

እስቲ አንዴ እንረጋጋ።

ከዕቃው ጋር ጠብ የለኝም። ኢ.ቲ.ኤፍ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ቅርጫት ሰብስቦ እንደ አንድ አክሲዮን የሚሸጥ ፈንድ ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለውን ዝርዝር የሚከተለው የመጀመሪያው ኢ.ቲ.ኤፍ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ዛሬ ቫንጋርድ ለተመሳሳዩ ፈንድ በ10,000 ዶላር ላይ በዓመት የሚያስከፍለው 3 ዶላር ብቻ ነው። ለደሞዝተኛ ከዚህ የረከሰ መግቢያ አላውቅም። ጠቤ «አይወድቁም» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው።

ማይክሮሶፍትን ውሰዱ። በ1999 መጨረሻ ከዓለም ጠንካራ ኩባንያዎች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በዓመት ሂሳቡ ከስሮ አያውቅም። ሆኖም በዚያ ዲሴምበር መጨረሻ አክሲዮኑን የገዛ ሰው፣ ዋጋው ወደ ገዛበት እስኪመለስ እስከ 2016 ጠብቋል። ኩባንያው አልታመመም። ያበጠው ዋጋው ነበር።

«እሱ እኮ አንድ ኩባንያ ብቻ ስለያዘ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ቅርጫቱስ? የናስዳክ 100 ግዙፎችን የሚከተለው ኢ.ቲ.ኤፍ በ1999 ተጀመረ። ዝርዝሩ ከማርች 2000 እስከ ኦክቶበር 2002 ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። ጫፉ ላይ የገባ 10,000 ዶላር ከ2,000 በታች ሆነ ማለት ነው።

«ያ በመጠን የተመረጠ ነው፤ የኛ በጥንካሬ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ዕዳንና ትርፍን እያዩ የሚያጣሩ ፈንዶች አሉ። ግን ወንፊቱ የኩባንያውን ጤንነት ቢያይ እንጂ አክሲዮኑ ምን ያህል እንደተወደደ አያይም። ጥሩ ቤት በእጥፍ ዋጋ የገዛ ሰው ቤቱ ስላልፈረሰ አልከሰረም?

500 ኩባንያ ማለትም ገንዘባችሁ 500 ቦታ እኩል ተከፋፈለ ማለት አይደለም። በ2025 መጨረሻ ከኤስ ኤንድ ፒ 500 ክብደት ከሲሶ በላይ የሚሆነው የአሥሩ ትልልቆች ነበር።

ገበያው ሲወርድ ሀብታሙ ይጠብቃል። የሚጎዳው ለእናቱ ሕክምና ወይም ለቤት ቅድመ ክፍያ ያስቀመጣትን ያስገባው ልጅ ነው፤ እሱ መጠበቅ አይችልም፣ ወርዶም ቢሆን ይሸጣል። ስለዚህ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የምትፈልጉትን ገንዘብ እዚያ አታስገቡ። የቀረውን በየወሩ ጥቂት በጥቂት አስገቡ። «አይወድቁም» የሚላችሁን ግን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «በስንት ዋጋ ገዛህ?»

የማይዘልቅ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል። ይሄኛው ደግሞ በቡና ተጀምሯል።