የትንፋሽ ምስክርነት

በሐራና በአካባቢዋ ጤፍና ማሽላ ሲወቃ የሚነሣው ብናኝ፥ በማድ ቤትም የሚታፈነው ጢስ አስም ያለበትን ሰው ደረቱን ያስጨንቀዋል። ደዌው የገጠር ብቻ አይደለም፤ በጅማ ተደርጎ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1997 የታተመ ምርመራ ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ አግኝቶታል። ሕመምተኛው ግን ሳሉ ሲቆምለት የዳነ ይመስለውና መድኃኒቱን ይተዋል፤ አደጋውም ይህ ነው።

በዚያው አቆጣጠር በ1991 የስዊድን ሊቃውንት ሰው በሚያወጣው ትንፋሽ ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ አገኙ፤ በ1993ም አስም ባለባቸው ሰዎች ትንፋሽ ውስጥ እንደሚበዛ አስረዱ። አለርጂ የአየር ቧንቧን ሲያስቆጣ ቧንቧው ይህን ጋዝ አብዝቶ ያመነጫልና፥ ሕመምተኛው ወደ መሣሪያው ቀስ ብሎ ሲተነፍስ መጠኑ ይለካል። በአዋቂ ሰው ዘንድ ከቢሊዮን እጅ ከ25 በታች የሆነው ዝቅተኛ፥ ከ50 በላይ የሆነው ከፍተኛ ይባላል።

ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ልኩ ዝቅ ይልበታልና ቍጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ነገር ግን አንድ ትምህርት ይሰጠናል፤ ሳል ጸጥ ባለ ጊዜ እንኳ ቍጣው አመድ እንደ ለበሰ ፍም በውስጥ ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ መሣሪያው በሌለበት ስፍራ ያለ ቤተ ሰብም የሚሠራው አያጣም። የታዘዘውን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ አያስቋርጥ፤ በውቂያ ጊዜ ሕመምተኛውን ከአውድማ ያርቅ፤ ለማድ ቤቱም የጢስ መውጫ ያብጅ። ትንፋሽ አጥሮት መናገር ያቃተው ሰው ግን ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ሊወሰድ ይገባል።