ግብታዊነት በምን ሚዛን ይመዘናል?

በገበያ ቀን አረቄ ቀምሶ የተደባደበ ወይም የሰው ዕቃ አንሥቶ የተያዘ ልጅ፣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ «ግልፍተኛ ነው» ይባልና ነገሩ በዚሁ ይዘጋል። እኛ ግን ይህ ቃል ፍርድ እንጂ ምርመራ አይደለም እንላለን።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ግብታዊነትን፣ ይኸውም ውጤቱን ሳያመዛዝኑ ማድረግን፣ ይልቁንም በሁለት መንገድ ይለካሉ። አንደኛው መጠይቅ ነው፤ ከእነዚህ ስመ ጥር የሆነው የባራት ሚዛን ሲሆን፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመው መልኩ 30 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ ለእያንዳንዱም ከ1 እስከ 4 ይሰጣል። ሁለተኛው የተግባር ፈተና ነው፤ ልጁ ምልክት ሲያይ ቁልፍ እንዲጫን፣ የማቆሚያው ምልክት ሲመጣ ግን እጁን እንዲሰበስብ ይታዘዛል። የሁለቱ ውጤት እምብዛም አይገጣጠምም፤ አንዱ ልጁ ስለ ራሱ የሚያምነውን፣ ሌላው በዚያች ቅጽበት ያደረገውን ያሳያልና።

መጠይቁን ወደ አማርኛ መመለስ ብቻም አይበቃም። ስለ ገንዘብ ቁጠባና ሥራን ስለ መለዋወጥ ይጠይቃል፤ በቡሬ ገጠር ከብት የሚጠብቅ ልጅ የሚቆጥበው ገንዘብ፣ የሚለውጠው ሥራ ከወዴት ይመጣለታል? ደግሞም «ችኩል ነህን?» ቢሉት ነቀፋ መስሎት ይክዳል፤ «ደፋር ነህን?» ቢሉት ግን አንገቱን ቀና አድርጎ «አዎን» ይላል። ለስድብ ፈጥኖ መልስ መስጠት እንደ ወንድነት በሚቈጠርበት አገር ይህ አያስደንቅም። ከሁሉ ይልቅ፣ መጠጥ ራሱ ልጓም የሚፈታ ስለ ሆነ፣ ስካሩ ሳይወጣለት የተመዘነ ልጅ ጠባዩ ሳይሆን አረቄው ይመዘናል። ችኩልነቱ ወደ መጠጥ መራው ወይስ መጠጡ ችኩል አደረገው የሚለውም በአንድ ቀን መጠይቅ አይለይም።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ እንዳይመስል፣ መምህራን የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ይህን ልብ በሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ስላሉ ወጣት ጥፋተኞች፣ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና አኗኗር ማስረጃ እንዲጠይቅ፣ የትምህርት ቤት ተጠሪዎችንም እንዲሰማ በአንቀጽ 54 ይፈቅዳል። እንግዲህ በችኮላ የተጻፈች የመምህር አንዲት መስመር ልጁን ተከትላ ችሎት ልትገባ ትችላለች። ስለዚህ «ግልፍተኛ» ብሎ ከመጻፍ፣ ምን እንዳደረገ፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ ቀምሶ ወይስ ሳይቀምስ እንደ ነበረ፣ ለጥቂት ሳምንታት ተከታትሎ መመዝገብ ይሻላል። ባለሙያ መጥቶ መጠይቅ ቢያስሞላም ቍጥሩን ከዚህ መዝገብ ጋር ያስተያየው። አረቄውን ለልጁ የሸጠለት ማን እንደ ሆነም በዚያው መዝገብ ይግባ።